ጀሪካንና ማዳበሪያ ተቀላቅለው ቱቦ ሲሆኑ፦ «ከእናንተ በፊት ተሠርቷል» የሚባለው መቼ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ሰላም ጋሼ። ከጓደኛዬ ጋር አሮጌ ጀሪካንና የማዳበሪያ ጆንያ ፈጭተን የመስኖ ቱቦ እንሠራለን። ለፓተንት (ለፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያዘጋጀነው የይገባኛል ጥያቄ፣ ማለትም መብት የምንጠይቅበት ነገር፣ እንዲህ ይላል፦ በክብደት ከ60 እስከ 80 በመቶ ኤችዲፒኢ (የጀሪካኑ ፖሊኢትሊን)፣ ከ15 እስከ 35 በመቶ ፖሊፕሮፒሊን (የጆንያው ፕላስቲክ)፣ ከ2 እስከ 8 በመቶ ኮምፓቲቢላይዘር (ሁለቱን የሚያያይዝ ተጨማሪ) የያዘ፣ ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ የፕላስቲክ ድብልቅ። አንድ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ሦስት ነገር አመጣብን። አንደኛው በ1970ዎቹ የወጣ የውጭ ፓተንት ነው። ፖሊኢትሊን ከ50 እስከ 95፣ ፖሊፕሮፒሊን ከ5 እስከ 50 ይላል፤ ኮምፓቲቢላይዘር የለውም። ሁለተኛው የጥናት ጽሑፍ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ናሙና 4 የሚለው 70 ኤችዲፒኢ፣ 30 ፖሊፕሮፒሊን፣ በላዩ ላይ 5 ኮምፓቲቢላይዘር ነው፤ ኮምፓቲቢላይዘሩም የእኛው ዓይነት ነው። ግን የሚያወራው ስለ ጠርሙስ መያዣ ሳጥን ነው፤ ስለ መሰንጠቅ አንድም ነገር አይልም። ድምሩም 105 ነው እንጂ 100 አይደለም። ሦስተኛው ፓተንት 12 ፖሊመሮችና 8 ኮምፓቲቢላይዘሮች ይዘረዝርና ‹ማናቸውንም ሁለት ፖሊመሮች፣ ከተፈለገም አንድ ኮምፓቲቢላይዘር› ይላል። ጓደኛዬ ‹አበቃልን፣ እንዲያውም ይከሱናል› ብሎ በዚያ በአሮጌው ፓተንት ፈርቷል። እኔ ደግሞ ቱቦ ያለ የለም ባይ ነኝ። ማን ነው ልክ? ቱቦውን ካለፈው በጋ ጀምሮ ለሐርቡና ለቆቦ ገበሬዎች እየሸጥን ነው።»

አብሽር ወንድሜ። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። የይገባኛል ጥያቄያችሁ አሁን በተጻፈበት መልኩ አያልፍም። የሚጥለው ግን ጓደኛህ የፈራው አሮጌ ፓተንት አይደለም። አንተ የናቅከው ናሙና 4 ነው።

ከሕጉ ልጀምር። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት የሚሰጠው ፈጠራ አዲስ፣ ፈጠራዊ ብቃት ያለው (ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታየው) እና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚችል መሆን አለበት ይላል። አዲስ የሚባለው ማመልከቻው ከገባበት ቀን በፊት፣ በየትኛውም የዓለም ክፍል፣ በጽሑፍም በቃልም በመጠቀምም ለሕዝብ ያልተገለጠ ሲሆን ነው። ስለዚህ «ወሎ ውስጥ ማንም አልሠራውም» ብለህ ብትከራከር ለፓተንት አይጠቅምህም። ማንም ሰው አንብቦት የማያውቅ፣ የሆነ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ጽሑፍም ይቆጠራል።

ግን አዲስነት የራሱ ጠባብ ፈተና አለው። የፓተንት ቢሮው መርማሪ «አዲስ አይደለም» ለማለት አንድ ሰነድ ብቻ ይዞ መምጣት አለበት። በዚያ አንድ ሰነድ ውስጥ የጥያቄህ ንጥረ ነገር በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ አንተ ባያያዝከው መልኩ አንድ ላይ መገኘት አለበት። ሰነዱም የሙያው ሰው አንብቦ ሊሠራው በሚችል ደረጃ ግልጽ መሆን አለበት። ከአንዱ ፖሊኢትሊኑን፣ ከሌላው ኮምፓቲቢላይዘሩን ቆንጥሮ መስፋት በዚህ ፈተና አይፈቀድም። ያ የሚፈቀደው በሁለተኛው ፈተና ማለትም በፈጠራዊ ብቃት ላይ ነው። የመጀመሪያውን አለፍክ ማለት ሁለተኛውን አለፍክ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ይደበላልቃል፤ ፈልጎ ያመጣላችሁም ሰው የደበላለቀ ይመስለኛል።

በዚህ መለኪያ የ1970ዎቹ ፓተንት ቶሎ ያልቃል። ኮምፓቲቢላይዘር የለውም። የእናንተ ጥያቄ ቢያንስ 2 በመቶ ይጠይቃል። አንድ ነገር ጎደለ፣ አለቀ። አዲስነታችሁን አይነካም።

ናሙና 4 ጋ ግን ቁጭ ብለን ሂሳብ እንሥራ። ፕላስቲክ የሚቀምሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዋናውን ፖሊመር 100 አድርገው፣ ተጨማሪውን በላዩ ላይ ይጽፋሉ። ድምሩ 105 የሆነው ለዚህ ነው። ወደ በመቶ ስትመልሰው 70 ለ105 ሲካፈል 66.7 በመቶ ይመጣል። 30 ለ105፣ 28.6። 5 ለ105፣ 4.8። አሁን የራስህን ጥያቄ አጠገቡ አስቀምጥ። 66.7 በ60 እና በ80 መካከል ነው። 28.6 በ15 እና በ35 መካከል ነው። 4.8 በ2 እና በ8 መካከል ነው። ሦስቱም ገቡ። አንድ ነጥብ በክልልህ ውስጥ ከወደቀ ክልሉ በሙሉ አዲስ መሆኑ ይቀራል። አጥር አጥረህ የኔ ነው ያልከው መሬት ውስጥ ቀድሞ የተሠራ ቤት ተገኘ ማለት ነው።

«እነሱ ስለ መሰንጠቅ አላወሩም» ትላለህ። ይህ ክርክር አሜሪካ ውስጥ ተሞክሮ ወድቋል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታይታኒየም ሜታልስ ኩባንያ ጉዳይ ላይ ነው። ኩባንያው ከ0.6 እስከ 0.9 በመቶ ኒኬልና ከ0.2 እስከ 0.4 በመቶ ሞሊብዲነም ያለው የታይታኒየም ቅይጥ ላይ መብት ጠየቀ። ቅይጡ በትኩስ ጨዋማ ውኃ አይበላም፣ አይዝግም አለ። አንድ የሩሲያ ጽሑፍ ተገኘ። ስለ ጨው ውኃ ምንም አይልም። ግን ግራፉ ላይ 0.75 ኒኬልና 0.25 ሞሊብዲነም ላይ የምታርፍ አንዲት ነጥብ ነበረች። ፍርድ ቤቱ ቅይጡ ራሱ አዲስ አይደለም አለ። የታወቀ ነገር ላይ አዲስ ጠባይ ማግኘት የታወቀውን ነገር አዲስ አያደርገውም። የእኛ መርማሪ በአሜሪካ ፍርድ አይታሰርም፤ አስተሳሰቡ ግን በብዙ አገር የፓተንት ቢሮ ያው ነው።

«ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ» የሚለው ሐረግም ለዚህ ነው የማያድንህ። ድብልቁ አንድ ዓይነት ከሆነ ጠባዩም አንድ ዓይነት ነው፤ ያ ሳጥን ሠሪ ልብ አለው አላለው ለውጥ የለውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቀዳዳ አለ፤ እኔ ብሆን ጊዜዬን የማጠፋው እሱ ላይ ነው። ናሙና 4 በእርግጥ የእናንተ ድብልቅ ነው?

ኤችዲፒኢና ፖሊፕሮፒሊን እንደ ዘመድ ቢመስሉም አይዋሃዱም። አንዱ በ130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ሌላው በ160ዎቹ። ኤክስትሩደር (ፕላስቲክ አቅልጦ በብሎን የሚገፋ ማሽን) ውስጥ አንድ ላይ ብታቀልጣቸውም ሲቀዘቅዙ ይለያያሉ። በማይክሮስኮፕ ብታየው በፖሊኢትሊኑ ባሕር ውስጥ የተበተኑ የፖሊፕሮፒሊን ጠብታዎች ነው የምታገኘው። ስንጥቅ የሚጀምረው በጠብታውና በባሕሩ ድንበር ላይ ነው። ኮምፓቲቢላይዘሩ ያንን ድንበር ያያይዛል፣ ጠብታውንም ያሳንሳል። የጠብታው መጠን ደግሞ በመቶኛው ብቻ አይወሰንም። በሙቀቱ፣ በብሎኑ ፍጥነት፣ ሁለቱ ፕላስቲኮች ሲቀልጡ ባላቸው ውፍረት ይወሰናል። ጀሪካን የሚሠራበት ኤችዲፒኢ በጣም ወፍራም ነው፤ ሲቀልጥ እንደልብ አይፈስም። የማዳበሪያው ፖሊፕሮፒሊን ከሱ ይልቅ ይፈሳል። የጥናቱ ሰዎች ሳጥን የሚሠሩት የቀለጠ ፕላስቲክ ወደ ቅርጽ ማውጫ በሚወጋ (ኢንጀክሽን) ማሽን ከሆነ፣ የመረጡት ቀጭን ኤችዲፒኢ ሊሆን ይችላል። ያኔ ውስጡ የተለየ ነው።

ማዳበሪያው ሌላም ነገር ይዟል። ጆንያው የሚሸመንበት ፖሊፕሮፒሊን ሲሳብ እንዳይተረተር ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል። የማተሚያ ቀለም አለ። ፀሐይ እንዳይበላው የገባ መድኃኒት አለ። ጥናቱ በአዲስ ጥራጥሬ ከተሠራ ይህ ሁሉ የለውም። የእናንተ ቱቦ ውስጥ ስንት በመቶ ካልሲየም ካርቦኔት እንዳለ ታውቃላችሁ? ከቱቦው ቆራርጣችሁ መዝኑና በ600 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አቃጥሉት። ፕላስቲኩም ካርቦን ብላኩም (ጥላሸት መሰሉ ጥቁር ቀለም) ይሄዳል፤ የሚቀረው ነጭ አመድ በብዛት ካልሲየም ካርቦኔቱ ነው። ውጤቱ ቋሚ ከሆነና ላለመሰንጠቁ አስተዋጽኦ ካለው፣ ይገባኛል ጥያቄው ውስጥ መግባት ያለበት እሱ ነው። «ከተሰበሰበ ፕላስቲክ የተሠራ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ግን አይበቃም። መርማሪው «ቆራሌው ያመጣው ይሁን ፋብሪካው፣ በድብልቁ ውስጥ ምን ለውጥ አለ?» ነው የሚልህ።

ካርቦን ብላክ ካነሳን፣ እሱን ጨምረን እንለያለን የሚል ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። ጥቁር የውኃ ቱቦ ፖሊኢትሊን ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ካርቦን ብላክ እንዲይዝ ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 4427 ራሱ ያዛል። ማንንም አያስደንቅም።

ሌላው መንገድ ክልሉን ማጥበብ ነው። ኮምፓቲቢላይዘሩን ከ6 እስከ 8 ብታደርጉት ናሙና 4 ውጭ ይቀራል። ግን ሠንጠረዡን እስከ ታች አንብብ። ናሙና 5 ወይም 6 ላይ 7 ክፍል ኮምፓቲቢላይዘር ካለ፣ 7 ለ107 ሲካፈል 6.5 ነው፤ ተመልሶ ይገባብሃል። ደግሞ ማጥበብ ያለ ምክንያት አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢኒዮስ የሚባል ኩባንያ በአሜሪካ የተሸነፈው እንዲህ ነው። የፖሊኢትሊን ጠርሙስ ክዳን ነበር፤ ክዳኑ በቀላሉ እንዲከፈት ከ0.05 እስከ 0.5 በመቶ ማለስለሻ ይገባል የሚል ጥያቄ። ቀድሞ የወጣ ፓተንት በዚያ ክልል ውስጥ የሚወድቅ መጠን ነበረው። ኩባንያው «የእኛ ክልል ለሥራው ወሳኝ ነው» ብሎ ማሳየት አልቻለም። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2006 አቶፊና የሚባል ኩባንያ በአዲስነት ክርክሩ ያሸነፈው፣ ቀዳሚው ሰነድ ከ100 እስከ 500 ዲግሪ የሚል በጣም ሰፊ ክልል ብቻ ስለነበረውና የእሱ ጠባብ ክልል፣ ከ330 እስከ 450 ዲግሪ፣ ተለይቶ ስላልተነገረ ነው። ሰፊ ክልል ብቻውን ጠባቡን አይገድልም። በውስጡ የተጻፈ ምሳሌ ግን ይገድላል።

ስለዚህ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። ቱቦውን አጥፋችሁ ኦሞ የተበጠበጠበት ባሊ ውስጥ ታሳድሩት እንደሆነ አላውቅም፤ ብዙ ወርክሾፕ እንዲያ ያደርጋል፣ ሞኝነትም አይደለም። ፖሊኢትሊን በተወጠረበት ቦታ ሳሙና ሲነካው ቶሎ እንደሚሰነጠቅ የታወቀ ነው። ኤኤስቲኤም ዲ1693 የሚባለው ፈተናም በመሠረቱ ያው ነው። 10 ቁራጮች ይወሰዳሉ፣ በምላጭ ይተለማሉ፣ ታጥፈው መያዣ ውስጥ ይገባሉ፣ ከዚያ በሞቀ የሳሙና መፍትሔ ውስጥ ይነከራሉ። ስንት ሰዓት ላይ ስንቱ ተሰነጠቀ ብለህ ትመዘግባለህ። በ3፣ በ5፣ በ6፣ በ7 እና በ9 በመቶ ኮምፓቲቢላይዘር እየቀያየራችሁ ሥሩት። ናሙና 4ንም ራሳችሁ ሥሩና አብራችሁ ፈትኑት። ከ6 ጀምሮ ውጤቱ ድንገት ከዘለለ በእጃችሁ የሚያዝ ነገር አለ። ቀስ እያለ ብቻ ከተሻሻለ ተስፋው ይመነምናል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አፍንጫችሁ ሥር ነው፤ ሄዳችሁ አናግሯቸው።

ሦስተኛው ፓተንት የሚያስፈራው በስፋቱ ነው። ከ12 ፖሊመሮች ሁለት ሁለት እያደረግህ ብትመርጥ 66 ጥንድ ይወጣል። በ8 ኮምፓቲቢላይዘሮች ስታበዛው 528 ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ የእናንተ ነው፤ ግን ሰነዱ ለይቶ አልጠራውም። ደሴ ገበያ ላይ ኮረሪማውም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ በሶብላውም አለ ማለት የእናትህ በርበሬ እዚያ ተዘጋጅቶ ይሸጣል ማለት አይደለም። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮም ከአንድ ዝርዝር ከሆነ አዲስ አይደለም፣ ከሁለት ዝርዝሮች አጣምረህ ከመረጥክ ግን አዲስ ሊሆን ይችላል የሚል የቆየ አሠራር አለው። እዚህም ላይ መቶኛው አልተነገረም። ነገር ግን መግለጫው ላይ ብቻ አታቁም፤ መጨረሻ ላይ ያሉትን ምሳሌዎች አንብብ። እዚያ «ምሳሌ 7፦ ኤችዲፒኢ ከፖሊፕሮፒሊን» ብሎ መጠን ካስቀመጠ የተናገርኩት ሁሉ ይገለበጣል።

ጓደኛህ «ሁለቱም ፕላስቲኮች የታወቁ ናቸው፣ ምን አዲስ አለው» ካለህ፣ ይህ ለብቻው ክርክር አይሆንም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1966 ኖሪል ብሎ ያወጣው ፕላስቲክ ፖሊፌኒሊን ኦክሳይድና ፖሊስታይሪን ነው። ሁለቱም ቀድሞ ይታወቁ ነበር። ድብልቁ ግን በ1968 ፓተንት አገኘ፤ የሚገርመው እነዚያ ሁለቱ፣ ከእናንተዎቹ በተለየ፣ በፈለግከው መጠን እውነት ይዋሃዳሉ።

አሁን ወደ አንተ ክርክር፦ «ቱቦ ያለ የለም»። ይህ እንደ አጻጻፉ ነው። «ለቱቦ የሚሆን ድብልቅ» ካልክ የጠየቅከው ድብልቁን ነው፤ ናሙና 4 ለቱቦ መሆን የሚችል እስከሆነ ድረስ ያው ነው። «ግድግዳው ከዚህ ድብልቅ የተሠራ የመስኖ ቱቦ» ካልክ ግን የጠየቅከው ቱቦ ነው። ሳጥን ቱቦ አይደለም። አዲስነትን ታልፋለህ። ቀጥሎ መርማሪው «ሳጥን የሠራ ሰው ቱቦ መሥራት አይከብደውም» ብሎ በፈጠራዊ ብቃት ይመጣብሃል። ያኔ የሚያስፈልግህ ያ የሳሙና ፈተና ውጤት ነው። የአሠራር ዘዴውንም አትርሳ። ኮምፓቲቢላይዘሩን አስቀድማችሁ ከማዳበሪያው ጋር ካቀለጣችሁ በኋላ ነው ጀሪካኑን የምትጨምሩት? ከሆነና ውጤቱ ከተሻለ፣ እሱ ከመቶኛው ይልቅ ጠንካራ ጥያቄ ነው።

ፓተንቱ ከከበደ አነስተኛ ፈጠራ የሚባል ሌላ ጥበቃ አለ። ፈጠራዊ ብቃት አይጠይቅም፤ 5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። ፓተንቱ 15 ዓመት ነው፤ በአገር ውስጥ በአግባቡ ከተሠራበት 5 ይጨመራል። ለእንደናንተ ዓይነት ወርክሾፕ እኔ የምመርጠው አነስተኛውን ነው፤ ብዙ ሰው ግን «ፓተንት» የሚለው ስም ያምረዋል።

ሽያጩ ግን አሳስቦኛል። ሐርቡ ላይ የሸጣችሁት ቱቦ ለሕዝብ የተገለጠ ነው። «ገበሬው ውስጡ ያለውን መጠን በምን ያውቃል?» ትለኝ ይሆናል። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ከፍተኛው የይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2025 ይህንኑ ጥያቄ መልሷል፤ ጉዳዩም የፖሊመር ነበር። ኢንጌጅ 8400 የሚባል ፕላስቲክ ገበያ ላይ ነበር፤ ግን ማንም በትክክል መርምሮ ሊደግመው አይችልም ተባለ። ቦርዱ ሊደገም ስላልቻለ ብቻ ቀድሞ ከታወቁት ነገሮች ውጭ አይደረግም አለ። አውሮፓ የራስህን ሽያጭ ይቅር አይልህም፤ አሜሪካ አንድ ዓመት ይታገስሃል። ለእኛው ቢሮ የመጀመሪያውን የሽያጭ ደረሰኝ ቀን ፈልጋችሁ ያዙ። ስታመለክቱ ወሳኙ እሱ ነው፤ ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበሉ። አዲሱን የተሻሻለውን ቅመም ደግሞ ማመልከቻው ሳይገባ አንድ ሜትርም አትሽጡ፣ ለኤግዚቢሽንም አታውጡት።

ራሳችሁ መፈለግ ከፈለጋችሁ ኢስፓስኔት የሚባለው የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጽ በነፃ ነው። በቃል ብቻ አትፈልጉ፤ በምድብ ግቡ። የፖሊመር ድብልቅ ሲ08ኤል ውስጥ ነው። 23/06 ፖሊኢትሊን፣ 23/12 ፖሊፕሮፒሊን፣ 2207/20 ደግሞ ከተሰበሰበ ፕላስቲክ የተሠራውን ይይዛል። ሦስቱን አንድ ላይ ስትሰጡት የሚወጣው ዝርዝር ያስደነግጣል፤ ምሳሌዎቹንና ሠንጠረዦቹን ብቻ እያያችሁ እለፉ።

ለጓደኛህ ፍርሃት፦ አዲስነትን ማጣትና የሰው መብት መጣስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የ1970ዎቹ ፓተንት ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል። ሦስተኛውም ቢሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ካልተመዘገበ እዚህ ማንንም አያስከስስም፤ መመዝገቡን ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። የጥናት ጽሑፉማ ፓተንት አይደለም። እንዲያውም ናሙና 4 የእናንተን ጥያቄ እንደሚጥል ሁሉ፣ ነገ ተነስቶ ያንኑ ድብልቅ ፓተንት አድርጎ ሊያስቆማችሁ የሚመጣውንም ሰው ጥያቄ ይጥልላችኋል። ስለዚህ ገጹን ኮፒ አድርጋችሁ፣ ከወጣበት ቀን ጋር ፋይል ውስጥ አስቀምጡት። ቱቦውን መሥራት ቀጥሉ።